ማዳበሪያ በደረቅ መሬት ሰብል ያቃጥላል?

ዝናብ አጠር በሆኑ አካባቢዎች ቡልቱግ ወይም ፐርል ሚሌት የሚያመርቱ ገበሬዎች ማዳበሪያን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው የፋብሪካ ማዳበሪያ ጨው ነው። እርጥበት በሌለው አፈር ውስጥ በብዛት ከዘሩ ጋር ተነካክቶ ሲቀመጥ ውሃውን ከሥሩ ይሻማል፤ ቡቃያው ይጠወልጋል። ሌላም አለ፦ ናይትሮጅን ገና ከጅምሩ በብዛት ከተሰጠ ሰብሉ ቅጠል ያበዛል፣ የአፈሩን እርጥበት ቶሎ ይጨርሳል፣ ፍሬ በሚሞላበት ሰዓት ውሃ ያጥረዋል። «አቃጠለው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው።

ከዚህ ተነስቶ «ደረቅ መሬት ማዳበሪያ አይፈልግም» ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው በሳህል አሸዋማ አፈር በብዙ ቦታ ምርቱን ቀድሞ የሚገድበው ከውሃ ይልቅ የፎስፈረስ እጥረት ነው። ፎስፈረስ ያገኘ ቡቃያ ሥሩን ቶሎ ይሰዳል፤ ሥሩ የጠለቀ ተክል ደግሞ ከዚያው ዝናብ የበለጠ ውሃ ይጠቀማል።

ስለዚህ ወሳኙ መጠኑና ቦታው ነው። በኒጀርና በአጎራባች አገሮች የተስፋፋው ዘዴ ማዳበሪያውን በማሳው ሁሉ ከመበተን ይልቅ በየዘር ጉድጓዱ ጥቂት ማኖር ነው፦ 15-15-15 የሚባለው፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ያለው ዓይነት ከሆነ 6 ግራም፣ ማለትም አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ሙሉ፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለው ዳፕ ከሆነ 2 ግራም ገደማ። ዩሪያ ለብቻው ጥንቃቄ ይሻል። ላይ ላዩን ከቀረ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲረጥብ፣ ከተክሉ ትንሽ ራቅ ተደርጎ ይጨመርና አፈር ይልበስ።