ስኪዞፍሬኒያ ምንድን ነው? ፊልሞች ያላሳዩን ዝምታ

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን የውጭ ፊልም እናያለን። በእነዚያ ፊልሞች ያየኋቸው የአእምሮ ሕመምተኞች ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኝ ነበር። ብቻቸውን ይስቃሉ። ዓይናቸው ይፈጣል። ከዚያ ቢላ ያነሳሉ። ከቪዲዮ ቤቱ ስንወጣ የተጣላነውን ልጅ «ሳይኮ» እያልን እንሰድበዋለን። ቃሉ እስከ ዛሬም ከአዲስ አበባ ልጆች አፍ አልጠፋም።

ስኪዞፍሬኒያ የሚለውን ስም የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የሰፈራችን አንድ ልጅ ታሞ ነበር። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ሕመሙ ላውራ። ብዙዎቻችን ስለዚህ ሕመም የምናውቀውን ያወቅነው ከፊልም ነው፤ ፊልም ደግሞ ብዙ ነገር አሳስቶናል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስኪዞፍሬኒያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው። የታመመው ሰው በእውን ያለውንና የሌለውን መለየት ያቅተዋል። ይህን ሁኔታ ሐኪሞች ሳይኮሲስ ይሉታል። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ይሰድበዋል፣ ያዘዋል፣ ወይም «አሁን ተነሳ፣ አሁን በሩን ከፈተ» እያለ ተከትሎ ያወራበታል። ወይም ደግሞ በምንም ማስረጃ የማይነቀል እምነት ያድርበታል። ጎረቤቴ ሊመርዘኝ ነው፣ ሬዲዮው ስለ እኔ ነው የሚያወራው፣ ሐሳቤን ሰው እየሰማብኝ ነው ይላል። አንዳንዴ ንግግሩም መያዣ መጨበጫ ያጣል።

እስከዚህ ያለውን ፊልሞች ይወዱታል። ቀጥሎ ያለውን ግን ይዘሉታል።

ሰውየው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ፊቱ ላይ ደስታም ሐዘንም አይነበብም። ከአልጋ መነሳት፣ ገላ መታጠብ፣ ሰው ማነጋገር ተራራ መውጣት ይሆንበታል። ይወደው የነበረው ኳስ፣ መጽሐፍ፣ ጓደኛ፣ ሁሉም ይቀርበታል። ትኩረቱና የማስታወስ ችሎታውም ይዳከማል። ሐኪሞች ይህን ኔጌቲቭ ምልክት ይሉታል፤ በሰውየው ላይ የነበረ ነገር ስለሚጎድል ነው። ድምፁን መድኃኒት ብዙ ጊዜ ያረግበዋል። ይህኛው ግን ለመድኃኒት እምብዛም አይበገርም፤ ሰውን ከሥራና ከትዳር የሚያስቀረውም በአብዛኛው እሱ ነው። አንድ ወጣት ግድግዳ እያየ ለወራት መቀመጡን ግን ማን ትኬት ገዝቶ ያያል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ወደ 24 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይህ ሕመም አለበት። ከ300 ሰው አንዱ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ ወይም ሥራ ሲይዝ፣ ቤተሰቡ ተስፋ ባደረገበት ሰዓት ይመጣል። መንስኤው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፤ የኑሮ ጫና አለ፤ ካናቢስም አደጋውን ይጨምራል። የእናት አስተዳደግ ያመጣዋል የሚለው የድሮ አስተሳሰብ ውድቅ ከሆነ ቆይቷል። ይህን ለእናቶች ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ፤ አንዱ ትልቅ ስህተት የተወለደው ከስሙ ነው። ቃሉን ያወጣው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው፣ በ1908። ከግሪክ ወስዶ ነው፤ «መሰንጠቅ» እና «አእምሮ» የሚሉትን አጣመረ። ማለት የፈለገው ሐሳብ፣ ስሜትና ድርጊት አብረው መሄድ ሲያቆሙ የሚፈጠረውን መፍረክረክ ነበር። ሰው ግን «የተሰነጠቀ አእምሮ» ሲባል በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው ያለ መሰለው። ጃፓኖች ይህ ነገር አስቸግሯቸው በ2002 የሕመሙን ስም ለወጡ። የቀድሞው ስም በቋንቋቸው «የአእምሮ መሰንጠቅ በሽታ» ማለት ነበር። ሐኪሞች እንኳ ስሙን ለታማሚው ለመንገር ይከብዳቸው ነበር።

ፊልም ሠሪዎች ግን ስንጥቁን ያዙና ሮጡ። የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» በ1960 ወጣ። የሞቴሉ ጠባቂ ኖርማን ቤትስ የሞተች እናቱን ሆኖ ሰው ይገድላል። በ2016 የወጣው «ስፕሊት» ላይ ደግሞ ጄምስ ማክአቮይ በርካታ ማንነቶች ያሉት ሰው ሆኖ ይጫወታል፤ ከማንነቶቹ አንዱ አውሬ ነው። ሁለቱም ፊልሞች ከስኪዞፍሬኒያ ጋር ግንኙነት የላቸውም። በአንድ ሰው ላይ የተለያዩ ማንነቶች የሚፈራረቁበት ሌላ ሕመም አለ፤ ከልጅነት ከባድ ጥቃት ጋር በብዛት ይያያዛል። እነዚያም ሕመምተኞች ቢሆኑ እንደ ፊልሙ አውሬዎች አይደሉም። በ2000 የወጣው የጂም ካሪ ኮሜዲ «ሚ፣ ማይሰልፍ ኤንድ አይሪን» ደግሞ ሁለት ማንነት ያለውን ፖሊስ ስኪዞፍሬኒያ አለበት ብሎ በስም ጠራው። የአሜሪካ የሕመምተኞችና የቤተሰቦች ማኅበር ተቃወመ። ተቃውሞው ትክክል ነበር። ሰው እየሳቀ የሚማረው ነገር ቶሎ አይረሳም።

ስለዚህ ሕመም ከሁሉም በላይ የታየው ፊልም ግን «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» ሳይሆን አይቀርም። በ2001 ወጣ፤ ምርጥ ፊልምን ጨምሮ አራት ኦስካር ወሰደ። ራስል ክሮው የሒሳብ ሊቁን ጆን ናሽን ሆኖ ይጫወታል። ናሽ በእውን የነበረ ሰው ነው። በ1994 ከሁለት ሌሎች ምሁራን ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ፊልሙን እወደዋለሁ። ታማሚውን ባል፣ አባትና አስተማሪ አድርጎ አሳይቶናል። ሳቁንም ፍርሃቱንም ሰጥቶታል። ከዚያ በፊት ስንት ፊልም ይህን አድርጓል? ግን አንድ ነገር ቀየረ። በፊልሙ ናሽ አብሮት የሚኖር ጓደኛ ያያል፤ ትንሽ ልጅ ያያል፤ ባርኔጣ ያደረገ የመንግሥት ሰላይ ያያል። እውነተኛው ናሽ እነዚህን ሰዎች አላያቸውም። የእሱ ሕመም የጀመረው በእምነት ነበር። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን በጋዜጣ በኩል ምስጢራዊ መልእክት ይልኩልኛል ይል ነበር። ድምፅ መስማት የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። በስኪዞፍሬኒያ የሌለን ነገር ማየት ቢኖርም፣ ድምፅ መስማት በጣም ይበዛል።

ለምን እንደቀየሩት ይገባኛል። ካሜራ ድምፅን ማንሳት አይችልም፤ ሰው ያስፈልገዋል። ደግሞም ተመልካቹ ከናሽ ጋር እንዲታለል ፈልገዋል፤ ጓደኛው የሌለ ሰው መሆኑን ስናውቅ እኛም እንደነግጣለን። ብልህ ዘዴ ነው። ግን ዋጋ አለው። ፊልሙን ያየ ሰው፣ ወንድሙ «ድምፅ ይሰማኛል» ሲለው «ታዲያ የሚታይህ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም ሲባል «እንግዲያው ደህና ነህ» ይላል።

ሌላም አለ። በፊልሙ መጨረሻ ናሽ አዳዲስ መድኃኒቶች እየወሰደ እንደሆነ ይናገራል። በእውነቱ ከ1970 ገደማ ጀምሮ መድኃኒት አልወሰደም። ሠሪዎቹ ያንን ዓረፍተ ነገር ያስገቡት ተመልካች መድኃኒቱን እንዳያቆም ሰግተው ነው ተብሏል። እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም። የናሽ መንገድ የጥቂቶች ነው፤ መድኃኒት በድንገት ያቆመ ብዙ ሰው ሕመሙ ያገረሽበታል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ፊልሙ አሳጥሮ ያለፈው ክፍል ነው። ሚስቱ አሊሺያ ከፍታው ነበር። ሆኖም በ1970 መሄጃ ሲያጣ ቤቷ አስገባችው። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲም አላባረረውም። ለብዙ ዓመታት በኮሪደሩ እየተመላለሰ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንግዳ ቁጥሮች ይጽፍ ነበር። ተማሪዎች የሒሳብ ሕንፃው መንፈስ የሚል ስም አወጡለት፤ ግን ተዉት። ቀስ እያለ ሐሳቡ ተመለሰ። ሁለቱ በ2001 እንደገና ተጋቡ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድን ሰው ታግሶ ማስጠጋት ለፊልም አይመችም። ለሰውየው ግን ሕይወት ነው።

ወደ ቢላው እንመለስ። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ከ1990 እስከ 2010 የወጡ 41 የእንግሊዝኛ ፊልሞችን መርምሯል። በሁሉም ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው አለ። አብዛኞቹ በራሳቸው ወይም በሰው ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። ጉዳት ከሚያደርሱት ደግሞ ሲሶ ያህሉ ሰው ይገድላሉ። በእውነተኛው ሕይወት እንዲህ አይደለም። ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም፤ ይልቁንም ራሳቸው ይደበደባሉ፣ ይዘረፋሉ፣ ይደፈራሉ። ሳልዋሽ ልናገር፤ ሕክምና ያላገኘና መጠጥ ወይም ዕፅ የተጨመረበት ሰው ላይ አደጋው ከፍ ይላል። ሕክምና ግን ያንን ይቀንሰዋል። ትልቁ አደጋ ያለው በታማሚው በራሱ ላይ ነው፤ ራስን ማጥፋት ከሌላው ሰው ይልቅ በእነሱ ላይ በጣም ይበዛል።

ይህን ፍርሃታችንን መልሶ ፊታችን ላይ ያነሳብን አንድ ፊልም አውቃለሁ። «ክሊን፣ ሼቭን» ይባላል፤ የሎጅ ኬሪጋን ሥራ ነው፣ የ1993። ብዙ ሰው አላየውም። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት አባት ልጁን ፍለጋ በመኪና ይሄዳል። የመኪናውን መስታወት በጋዜጣ ሸፍኗል። ሙሉ ፊልሙን የሬዲዮ ጭረት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጩኸት፣ የተቆራረጠ የሰው ድምፅ እንሰማለን። የማይታይ ሰው አያስገባም፤ በጆሯችን ብቻ ነው የሚይዘን። አንዲት ልጅ ተገድላለች፤ መርማሪ ይከታተለዋል። እኛም ከመርማሪው ጋር ሆነን ሰውየው ገዳይ ነው ብለን እንፈርዳለን። ፊልሙ ያልቃል፤ ማስረጃው ግን አይመጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ከተቀመጥኩበት መነሳት አቃተኝ። ፈርጄበት ነበር፤ የፈረድኩትም ስለታመመ ብቻ ነበር።

ስለ ሕክምናም ፊልም ያሳደረብን ፍርሃት አለ። በ1975 የወጣውና አምስቱን ዋና ዋና ኦስካሮች የጠቀለለው «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» ላይ የኤሌክትሪክ ሕክምና እንደ ቅጣት፣ ያለ ማደንዘዣ ሲሰጥ እናያለን። ዛሬ በአግባቡ ሲሰጥ በሙሉ ማደንዘዣና በጡንቻ ማላሊያ ነው፤ በተለይ ለከባድ ድባቴ ይረዳል። ለስኪዞፍሬኒያ ግን ዋናው ሕክምና የሚዋጥ ወይም የሚወጋ መድኃኒት ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት፣ እኛም አገር ብዙ ቤተሰብ ላርጋክቲል ብሎ የሚያውቀው፣ በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። የጎንዮሽ ጉዳት አለው፤ ያወፍራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያደነዝዛል። ሐኪም ይቀይረዋል፣ መጠኑን ያስተካክላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከሦስት ታማሚ ቢያንስ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሊያገግም ይችላል። ይህንን በፊልም ያየ ሰው አላጋጠመኝም።

የእኛም አገር እውነት ተጽፏል። በቡታጅራ አካባቢ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ጠይቀው ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ካገኙባቸው ሰዎች ውስጥ ከዚያ በፊት መድኃኒት የወሰዱት ከአሥር አንድ አይሞሉም ነበር። ርቀቱና ድህነቱ አንድ ነገር ነው። አለማወቁ ሌላ ነው። እኛ «ጨርቁን ጣለ» የምንለው የመጨረሻውን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ስም የላቸውም።

የሰፈራችን ልጅ እንደዚያ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ እኛን ፊዚክስ ያስጠናን ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከግቢ ተመልሶ መጣ። ቡና ሲጠራ አይወጣም። መስኮቱን በካርቶን ሸፈነ። የሚበላው እናቱ ፊቱ ቀምሰው ሲሰጡት ብቻ ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ አኩርፏል አለ። ከዚያ የሴት ልጅ ነገር ነው አለ። ከዚያ ዓይነ ጥላ ነው ተብሎ ጸበል ወሰዱት። ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል አንዲት ጤና ባለሙያ ዘመድ ከክፍለ ሀገር መጥታ አየችውና በማግስቱ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይዛው ሄደች።

አሁን በየወሩ መርፌውን ይወጋል። ጸበሉንም አልተወም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የአጎቱን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይይዛል። ድምፁ አንዳንዴ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ «ሲመጣ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ» አለኝ።

አንድ ቀን እናቱን ጠየቅኳቸው፤ «እትዬ፣ ያኔ ሐኪም ቤት ለመውሰድ ለምን ዘገያችሁ?» አልኳቸው። ረከቦቱን እያስተካከሉ ትንሽ ቆዩ።

«ዝም ብሎ እኮ ነበር የተቀመጠው ልጄ» አሉኝ። «ያበደ ሰው ዝም እንደሚል በየት ልወቀው?»