ቅኝት ምንድን ነው?

ክራር መማር በጀመርኩ ሰሞን መምህሬ ክራሩን ከእጄ ተቀበለኝ። ሁለት አውታር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አላላ። መለሰልኝና «በል የትናንቱን ምታ» አለኝ። ጣቶቼ የለመዱትን መንገድ ሄዱ። የወጣው ዜማ መልኩ የትናንቱ ነው፤ ፊቱ ግን ጠቁሯል። ጣቴ አልተሳሳተም። የተቀየረው ቅኝቱ ነበር።

ያኔ «ቅኝት» የሚለውን ቃል መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በሬዲዮ «ይህ ዘፈን በባቲ ቅኝት የተሠራ ነው» ሲባል ያደግን ነን። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን የዚያን ቀን ነው።

ቃሉ ራሱ መንገዱን ያሳያል። «ክራሩን ቃኘው» ስንል አውታሮቹን እያጠበቅክና እያላላህ በመካከላቸው ያለውን ርቀት አስተካክል ማለታችን ነው። ቅኝት ያ የተስተካከለው ርቀት ነው። ብዙ ሰው «ቅኝት ማለት ስኬል (በቅደም ተከተል የተደረደሩ ድምፆች) ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለመጀመሪያ ቀን ያስኬዳል። ግን ዋናውን ነገር ስለሚያስቀር እኔ አልወደውም። ዋናው ነገር ምን እንደሆነ በፒያኖ ቁልፍ ላይ ማየት ይቀላል። ስልካችሁ ላይ ፒያኖ የሚሆን አፕ ካለ አውጡትና አብረን እንሂድ።

መጀመሪያ መሬቱን እንወቀው። ድምፅ ንዝረት ነው። የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚስማሙበት «ላ» የሚባለው ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ይነዝራል። 880 ጊዜ የሚነዝረውም ላ ነው፤ ቀጠነ እንጂ ስሙ አልተቀየረም። ወንድና ሴት አንድ መዝሙር አብረው ሲዘምሩ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ይህንን ነው። አንዱ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን፣ ዜማው ግን አንድ። ይህ ርቀት ኦክታቭ ይባላል። ፒያኖ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ 7 ነጭና 5 ጥቁር ቁልፍ። ከአንድ ቁልፍ አጠገቡ ወዳለው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ መሄድን «አንድ እርምጃ» እንበለው። ነጮቹ በቅደም ተከተል ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ናቸው። ሁለት ጥቁሮች ተጠጋግተው የቆሙበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከእነሱ በስተግራ ያለው ነጭ ዶ ነው።

ዋናዎቹ የእኛ ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ትዝታና ባቲ ደግሞ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ሁለት መልክ አላቸው። ሁሉም ከእነዚህ 12 ውስጥ 5 ብቻ ይመርጣሉ። ስድስት አውታር ያለው ክራር ቢሆንም ድምፆቹ አምስት ናቸው፤ ስድስተኛው አውታር ከአምስቱ አንዱን በኦክታቭ ይደግመዋል።

አሁን ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ምቱ። ወደ ላይኛው ዶ ውጡና መልሳችሁ ውረዱ። ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

እርምጃውን ቁጠሩት። 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ዶ ለመመለስ 3። ድምር 12። አሁን ዶን ተዉትና ከሶል ጀምሩ፦ ሶል ላ ሲ ሬ ሚ። እርምጃው ያው ነው፤ 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3። አሁንም ትዝታ ነው። ድምፃዊዋ «ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ» ስትል ባንዱ የሚያደርገው ይህንን ነው። መነሻው ከፍ ይላል፣ ርቀቶቹ አይነኩም። ስለዚህ ቅኝት የተወሰኑ ቁልፎች ስም አይደለም። የርቀቶቹ ስም ነው።

ይህም ግን ገና ግማሹ ነው። ወደ መጀመሪያዎቹ አምስት ድምፆች እንመለስ፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ምንም ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ ከላ ጀምሩ፦ ላ ዶ ሬ ሚ ሶል፣ ከዚያ ላይኛው ላ። ቀስ ብላችሁ ተጫወቱትና ላ ላይ እረፉ። ደጋግማችሁ ላ ላይ እረፉ። ትዝታው ጠፋ! የምትሰሙት ባቲ ማይነር ነው። ቁልፎቹ ያው አምስቱ ናቸው። የተለወጠው ማረፊያው ነው። ዜማው ሲደክመው የሚመለስበት ቤት ተቀየረና ሌላ ቅኝት ሆነ።

ለእኔ የቅኝት ምስጢር ይኸው ነው። ማረፊያ ድምፅ አለ፤ ሌሎቹ አራቱ ከዚያ ማረፊያ በስንት ርቀት ይቆማሉ የሚለው ደግሞ ቅኝቱን ይወስነዋል። «ስኬል ነው» ብሎ ማለፍ የሚያስቀረው ይህንን ማረፊያ ነው። ጀማሪ ሰው አምስቱን ድምፅ በቃሉ ይይዝና የትኛው ቤት እንደሆነ ሳያውቅ ይጫወታል። ድምፆቹ ሁሉ ልክ ናቸው፣ ሰሚው ግን አይረካም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህኛው የበለጠ ያምራል። ላ ሲ ዶ ሚ ፋ ምቱና ላ ላይ እረፉ። ይህ ትዝታ ማይነር ነው። አሁን እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሚ ጀምሩ፦ ሚ ፋ ላ ሲ ዶ። ሚ ላይ እረፉ። ይህ አምባሰል ነው። ከሚ ወደ ፋ አንድ እርምጃ ብቻ፣ ከፋ ወደ ላ ደግሞ አራት እርምጃ ዝላይ። ያ ጠባብ አንድ እርምጃ ልክ ከማረፊያው በላይ መቀመጡ ነው ለአምባሰል ያንን የሚያባባ ጠባይ የሚሰጠው። ዜማው ወደ ቤቱ ሲገባ ከላይ ተንሸራቶ እንደሚወርድ ሰው ነው።

ባቲ ሜጀርም በነጭ ቁልፎች ይገኛል፦ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ። ከዶ ወደ ሚ አራት እርምጃ ይዘላል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሲ ወደ ላይኛው ዶ በአንድ እርምጃ ይጠጋል። ባቲና አምባሰል የወሎ የቦታ ስሞች መሆናቸውን ልብ በሉ። ቅኝቶቹን ከወሎ ነጥሎ ማውራት ይከብዳል።

አራተኛው አንቺ ሆዬ ነው። እዚህ ላይ ነጭ ቁልፍ ብቻውን አይበቃንም። ሲ ዶ ሚ ፋ፣ ከዚያ በሶልና በላ መካከል ያለውን ጥቁር፣ ከዚያ ላይኛውን ሲ ምቱ። 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3። ስትሰሙት አንድ ነገር የተንጠለጠለ ይመስላል። ምክንያት አለው። በሌሎቹ ቅኝቶች ሁሉ ከማረፊያው 7 እርምጃ ላይ የሚገኝ ድምፅ አለ፤ በትዝታ ሜጀር ዶና ሶል፣ በአምባሰል ሚና ሲ። እነዚህ ሁለት ድምፆች አብረው ሲመቱ እጅግ ይስማማሉ፤ የታችኛው 2 ጊዜ ሲነዝር የላይኛው 3 ጊዜ ይነዝራል ማለት ይቻላል። ክራር ሲቃኝ ጆሮ ቀድሞ የሚይዘውም ይህንን ስምምነት ነው። አንቺ ሆዬ ውስጥ ግን የለም። በቦታው 6 እርምጃ ላይ ያለው ድምፅ ተቀምጧል። ስለዚህ ዜማው የሚደገፍበት ምሰሶ ያጣል፤ ያ ውጥረት ደግሞ ውበቱ ሆኗል። ጀማሪዎች አንቺ ሆዬን መዝፈን ቢከብዳቸው አይግረማቸው፤ ጆሮ የለመደው መደገፊያ ተነስቶበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት ላርም። ትዝታ የቅኝትም ስም ነው፣ የዘፈንም ስም ነው። ናፍቆቱን በራሱ ስንኝ የሚያንጎራጉር ድምፃዊ ሁሉ የራሱ ትዝታ አለው። በትዝታ ቅኝት የተሠራ ዘፈን ሁሉ ግን አያሳዝንም። የሚያስጨፍሩ የሠርግ ዘፈኖች በትዝታ ሜጀር ይሠራሉ። ስሜቱን ቅኝቱ ብቻውን አይወስነውም፤ ፍጥነቱ፣ ምቱና ግጥሙም ድርሻ አላቸው። ሌላው የሚምታታው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው። እነዚህ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጋር የሚያያዙ የቤተ ክርስቲያን የዜማ ዓይነቶች ናቸው እንጂ ከአራቱ ቅኝቶች ጋር አንድ አይደሉም።

ኖታስ? በአምስት መስመር ላይ የሚጻፈው የአውሮፓ ኖታ ሁለት ነገር በደንብ ይናገራል፤ የትኛው ድምፅ እንደሆነና ምን ያህል እንደሚቆይ። ነጥቡ በመስመሩ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። የነጥቡ ቅርፅ ደግሞ ርዝመቱን ይናገራል። «ይህ ባቲ ነው» ብሎ ግን አይነግራችሁም። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብቻ ያለበት ወረቀት ቢሰጣችሁ ትዝታ ሜጀርም ባቲ ማይነርም ሊሆን ይችላል። ዜማው የት እንደሚያርፍ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ድምፅ ይነግራችኋል።

ፒያኖውን ለመማሪያ ብዬ ነው ያመጣሁት። ኪቦርድ 12ቱን እኩል ከፋፍሎ ይዘጋቸዋል። ክራር የሚቃኝ ሰው ግን ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን መቃኛ እያዞረ በጆሮው ነው የሚፈልገው፤ ድምፁ ከፒያኖው ቁልፍ በጥቂቱ ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል። መሰንቆማ አንድ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ ርቀቱ ሁሉ በተጫዋቹ ጣት ውስጥ ነው። የካሳ ተሰማን ወይም የአስናቀች ወርቁን ክራር ሰምታችሁ በኪቦርድ ስትሞክሩት «ያው ነው ግን ያው አይደለም» የሚያሰኛችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኪቦርዱን ተማሩበት፤ ጆሯችሁን ግን በክራርና በመሰንቆ አሳድጉት።

መምህሬ የዚያን ቀን ያደረገውን አሁን ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ክራሩ የተቃኘው በትዝታ ሜጀር ነበር። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ምቱ። አሁን ሚን ተዉትና በስተግራው ያለውን ጥቁር ያዙ። ላንም ተዉትና በስተግራው ያለውን ጥቁር ያዙ። ሌሎቹን ሦስቱን አትንኩ። የለመዳችሁትን ዜማ በዚሁ መንገድ ደግማችሁ ተጫወቱት።