ኦፖርቹኒቲ ኖክስ፦ የብሪታኒያ ሕዝብ በፖስታ ኮከብ የመረጠበት መድረክ

ኦፖርቹኒቲ ኖክስ፣ «ዕድል በር ስታንኳኳ» እንደ ማለት፣ በብሪታኒያ ቴሌቪዥን ረጅም ዕድሜ ካገኙት የተሰጥኦ ውድድሮች አንዱ ነው። በ1949 በቢቢሲ ሬዲዮ ተጀመረ፤ በ1950ዎቹ ወደ ሬዲዮ ሉክሰምበርግ ተሻገረ፤ በ1956 ለጥቂት ወራት በቴሌቪዥን ታየ፤ ከ1964 እስከ 1978 ደግሞ በንግድ ቴሌቪዥኑ በአይቲቪ ሲተላለፍ ቆየ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መድረኩ ለዘፋኝ ብቻ አልነበረም። ቀልደኛ፣ ፒያኖ ተጫዋች፣ ገጣሚ፣ ጡንቻውን በሙዚቃ ምት የሚያስጨፍር ጎልማሳ፣ ይባስ ብሎ የሚዘፍን ውሻ ጭምር ወጥቶበታል። አሸናፊውን የሚለዩት ደግሞ ባለሙያ ዳኞች ሳይሆኑ እቤታቸው ተቀምጠው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ።

ውድድሩ ለምን ያን ያህል እንደተወደደ ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን የቫራይቲ ቲያትር ማወቅ ያስፈልጋል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ አዳራሾች የወረሰው ይህ ልማድ በአንድ ምሽት ዘፋኙን፣ ቀልደኛውን፣ አክሮባቱን፣ ምትሃተኛውንና የሰለጠኑ እንስሳትን አከታትሎ ያቀርብ ነበር። አንድ ባለሙያ አሥር ደቂቃ የምትሞላ ዝግጅቱን ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለዓመታት እንጀራውን ይበላባት ነበር፤ የዛሬው ከተማ ተመልካች የትናንትናውን አላየምና። ቴሌቪዥን ሲመጣ ይህ ኑሮ ፈረሰ። በአንድ ምሽት ሚሊዮኖች ያዩትን ቀልድ በማግስቱ ደግሞ መሸጥ አይቻልም። በ1950ዎቹ የቫራይቲ ቲያትሮች በየከተማው በራቸውን ዘጉ፤ የቀሩት የሠራተኞች ክበባት፣ መጠጥ ቤቶችና የባሕር ዳርቻ መዝናኛዎች ነበሩ። እዚያ ጭስ በሞላበት ክፍል፣ ቢራውን ከሚጠጣና ከሚያወራ ታዳሚ ፊት ቆሞ መዝፈን ትልቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚያወጣ መሰላል ግን አልነበረም። ቲያትሩን የገደለው ቴሌቪዥን ራሱ መሰላሉን ይዞ መጣ።

አዘጋጁና አቅራቢው ሂዩ ግሪን ይባላል። በ1920 ለንደን ተወለደ፤ ገና በልጅነቱ የራሱን የልጆች ቡድን እየመራ መድረክ የወጣ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነበር። ደብል ዩር መኒ የተባለውን የጥያቄና መልስ ውድድርም ለዓመታት አቅርቧል። አንድ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፣ ካሜራውን እንደ ጎረቤት እያናገረ፣ «ይህን የምለው ከልቤ ነው ወገኖቼ» የሚላት አባባሉ በመላ አገሪቱ ቀልደኞች አፍ ላይ ገባች። ብዙዎች ሽንገላ ነው ብለው አሙት። እኔ ግን ሰውየው ስለ ተወዳዳሪዎቹ ይጨነቅ እንደነበር አምናለሁ፤ የማይታወቅን ሰው ለአገር ለማስተዋወቅ የሰጠው ጊዜ ይህን ይመሰክራል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ተወዳዳሪው ብቻውን አይመጣም፤ የሚያውቀው ሰው፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ አብሮት ይመጣል። ግሪን መጀመሪያ የሚያናግረው እሱን ነው፤ ልጁ ምን ይሠራል፣ የት ይኖራል፣ መቼ ዘፈን ጀመረ እያለ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ዘፈኑ ሳይጀመር ተመልካቹ የተወዳዳሪውን ሰፈርና ሥራ አውቆታል። ሁሉም አቅርበው ሲጨርሱ እያንዳንዳቸው ለማስታወስ ያህል ትንሽ ይደግማሉ፤ ከዚያ በስቱዲዮ ያለው ታዳሚ ሲያጨበጭብ የጭብጨባ መለኪያው መርፌ ከፍና ዝቅ ይላል። ይህ መለኪያ የውድድሩ መታወቂያ ሆነ፤ ውጤቱ ላይ ግን ምንም ሥልጣን አልነበረውም። ግሪን ራሱ በየጊዜው ያሳስብ ነበር፦ የሚቆጠረው ከቤት በፖስታ የሚላከው ድምፅ ነው።

የፖስታው ነገር ሊናቅ አይገባም። ድምፅ ለመስጠት ካርድ መግዛት፣ ቴምብር መለጠፍ፣ ጽፎ ፖስታ ሣጥን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ውጤቱም የሚነገረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ያሸነፈው ተመልሶ ይመጣል፤ ሕዝቡ ካልጠገበው ደጋግሞ ይመጣል። በ1977 በርኒ ፍሊንት የተባለ ጊታር ተጫዋች ዘፋኝ ለ12 ሳምንታት አሸንፏል። በእኔ አስተያየት የውድድሩን ጣዕም የወሰነው ይኸው ቀርፋፋ መንገድ ነው። ካርድ የሚጽፈው ወጣቱ ሳይሆን በአብዛኛው ቤት የሚውለው፣ ጊዜ ያለው ሰው ስለነበር፣ ዜማው ለስለስ ያለና ፊቱ ቅን የሆነ ተወዳዳሪ ይቀናዋል። ሮክ በገነነበት ዘመን ሚሊካንና ነስቢት የተባሉ ሁለት የከሰል ማዕድን ሠራተኞች በአንድነት ዘምረው ስም ያወጡት ለዚህ ነው።

መድረኩን የረገጡትን ሁሉ መቁጠር አይቻልም፤ የጥቂቶቹ መንገድ ግን መነገር አለበት። ሌስ ዶውሰን ከማንቸስተር የመጣ፣ የቤት መጥረጊያ ማሽን ሲሸጥ የኖረ ቀልደኛ ነበር። በ1967 ቀርቦ ያንን የተኮሳተረ ፊቱን ሲያሳይ አገር ሳቀለት። የዌልሷ ሜሪ ሆፕኪን በ1968 ስትዘፍን ዝነኛዋ ሞዴል ትዊጊ ተመልክታት ለፖል ማካርትኒ ነገረችው፤ እሱም በቢትልስ አዲስ ኩባንያ አፕል አስቀረጻት። ዘፈኗ በዚያው ዓመት ለስድስት ሳምንታት በብሪታኒያ አንደኛ ሆኖ ቆየ። በ1973 ዓይነ ስውሩ የመጠጥ ቤት ፒያኖ ተጫዋች ሌኒ ፒተርስ ከዳያን ሊ ጋር ቀርቦ ካሸነፈ በኋላ እነሱም የሽያጭ ሰንጠረዡን አናት ያዙ። ፓም አየርስ ደግሞ ዘፈን እንኳ አልነበራትም። በ1975 በገጠር አነጋገሯ የራሷን ግጥም አንብባ አሸነፈች፤ መጻሕፍቷ እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ዝግጅቱ ቫራይቲ የሚለውን ስም በእርግጥ ያከበረው እንዲህ ባሉት ላይ ነው። ጡንቻውን እያርገበገበ በሙዚቃ የሚያስጨፍረው ቶኒ ሆላንድ ሌላ የት መድረክ ያገኝ ነበር? ሱ ፖላርድም ኋላ በቴሌቪዥን ኮሜዲ እጅግ የታወቀች ተዋናይት ብትሆንም፣ በ1974 ስትወዳደር በሚዘፍን ውሻ ተበልጣ ሁለተኛ ወጥታለች።

ሕፃናትን በተመለከተ ግን ልቤ ይከብዳል። ቦኒ ላንግፎርድ በ1970 የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች አሸነፈች፤ ረጅም የመድረክ ሕይወትም ኖረች። ኒል ሪድ በ12 ዓመቱ አልበሙ አንደኛ ሆነ፤ በብሪታኒያ የአልበም ሰንጠረዥ ከእሱ በዕድሜ ያነሰ አንደኛ የወጣ የለም። ሊና ዛቫሮኒ ግን የስኮትላንድ ደሴት ከሆነችው ቢዩት መጥታ በ1974 ለአምስት ተከታታይ ሳምንታት ስታሸንፍ አሥር ዓመቷ ነበር። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን የጎልማሳ ሴት ድምፅ ነበር። አሜሪካ ሄዳ ከፍራንክ ሲናትራ ጋር በአንድ መድረክ ዘፈነች፤ በዋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ፎርድ ዘፈነች። ከቤተሰቧ ርቃ ለንደን እያደገች ሳለ በ13 ዓመቷ ገደማ ምግብ የሚያስጠላው የአኖሬክሲያ ሕመም ያዛት፤ እስከ ሕይወቷ መጨረሻም አልለቀቃትም። በ1999 በ35 ዓመቷ አረፈች። ሕመሟን ያመጣው ውድድሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም አንዲት ሕፃን የአዋቂ ሥራና ዝና ስትሸከም የሚጠብቃት ሕግና ሰው ሊኖር ይገባ ነበር፤ በቂ አልነበረም።

ከ1973 ጀምሮ በዚያው በአይቲቪ ኒው ፌስስ የተባለ ተቀናቃኝ መጣ። ይህ ድምፅ የሚሰጠው በፖስታ ሳይሆን ከሙዚቃና ከመድረክ ዓለም በተውጣጡ አራት ዳኞች ነበር። አቀራረብን፣ ይዘትንና የኮከብነት ብቃትን ለየብቻ ከአሥር ይመዝናሉ፤ ሙሉ ነጥቡ 120 ነው። የሙዚቃ አዘጋጆቹ ሚኪ ሞስትና ቶኒ ሃች የመሳሰሉት ተወዳዳሪውን ፊት ለፊት ይተቹ ነበር፤ በተለይ ሃች በክፉ ምላሱ ታወቀ። ዛሬ በየአገሩ የምናየው ጨካኝ ዳኛ ከእነሱ የወረደ ነው። የሆነ ሆኖ ዳኞቹ ብዙ ጊዜ ዓይን ነበራቸው። ኋላ ዝነኛ ቀልደኛ የሆነችውን ቪክቶሪያ ውድን በ1974 አሳለፉ። ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ፣ እንግሊዝ ውስጥ ዱድሊ ከተማ ያደገው የ16 ዓመቱ ሌኒ ሄንሪ በ1975 ታዋቂ ሰዎችን እያስመሰለ አሸነፈ። ናይጄሪያ የተወለደችው ዘፋኝ ፓቲ ቡላዬ በ1978 ሙሉውን 120 ነጥብ አገኘች።

በዚያው ዓመት ኦፖርቹኒቲ ኖክስ ተዘጋ። ግሪን በመጨረሻዎቹ ዓመታት በመዝናኛው መሐል ስለ አገር ውድቀትና ስለ ሠራተኛ ማኅበራት የፖለቲካ ንግግር ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ ዝግጅቱን ያሠራው የቴምስ ቴሌቪዥን ኩባንያ ኃላፊዎችም አልወደዱለትም። ከዚያ በኋላ የተጣላው ከኒው ዚላንድ ጋር ነው። የአገሪቱ ብሮድካስት ኮርፖሬሽን በ1970ዎቹ ያንኑ ስም፣ ያንኑ የጭብጨባ መለኪያና ያንኑ አሠራር ይዞ ውድድር አሰራጭቶ ስለነበር ግሪን ከሰሰ። ጉዳዩ ያኔ ለኒው ዚላንድም የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ወደነበረው፣ ለንደን ወዳለው ፕሪቪ ካውንስል፣ ደረሰ። በ1989 ፍርዱ በግሪን ላይ ወደቀ፦ ስሙ፣ አባባሎቹና መለኪያው ተደምረው በቅጂ መብት የሚጠበቅ አንድ የተሟላ የድራማ ሥራ አይሆኑም ተባለ። የሕግ ተማሪዎች የቴሌቪዥን ዝግጅት ቅርጽ ንብረት ነው ወይስ አይደለም ብለው ሲከራከሩ እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው።

ክሱ በሂደት ላይ ሳለ ቢቢሲ ውድድሩን ራሱ አስነሥቶት ነበር። ከ1987 እስከ 1989 ቦብ መንክሃውስ አቀረበው፤ ድምፁም ከፖስታ ወደ ስልክ ተዛወረ፤ ሳምንት መጠበቅ ቀረ። በ1990 የመጨረሻውን ዙር እንዲያቀርብ የተመረጠው ሌስ ዶውሰን ነበር፤ ከ23 ዓመት በፊት ራሱ በተወዳዳሪነት የቆመ ሰው ስለሆነ ከመድረኩ ጀርባ ተራቸውን የሚጠብቁት ሰዎች የሚሰማቸውን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።