ዎክአራውንድ ምንድን ነው? አንድን ታንክ ዞሮ የማየት ጣጣ

የመጀመሪያውን የታንክ ሞዴሌን የጨረስኩ ቀን አጎቴን ጠራሁት። ጋሼ በወጣትነቱ ታንከኛ ነበር። የነዳውም እኔ የሠራሁትን ነው፤ ቲ-55። ሞዴሉን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። መነጽሩን ገፋ አድርጎ ግራ ቀኙን አየ። ጀርባውን አዙሮ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

"ግንዱስ?" አለኝ።

"የምን ግንድ ጋሼ?"

"ከኋላ የሚታሰረው ግንድ ነዋ! ጭቃ ሲይዝህ በምን ልትወጣ ነው?"

ግንዱ ከኪቱ፣ ማለትም ከሚገጣጠመው የፕላስቲክ ሞዴል ጋር፣ በአንድ ሳጥን መጥቶ ነበር። ምን እንደሚሠራ ስላልገባኝ ከትርፍ ዕቃ ጋር ጥዬዋለሁ። ለካ ታንኩ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ግንዱ ከሰንሰለቱ ጋር ይታሰርና፣ ሰንሰለቱ ሲዞር ከሥር እየገባ ታንኩን ያወጣዋል። ይህን ከሳጥኑ ላይ ካለው ሥዕል አታገኘውም። ታንኩን ዞሮ ካየ ሰው ነው የምታገኘው።

ዎክአራውንድ ማለት እንግዲህ ይኼው ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ዞሮ ማየት እንደማለት። ያገለገለ መኪና ስንገዛ ሁላችንም እናደርገዋለን። ዙሪያውን እንዞራለን፣ ጎንበስ ብለን ከሥሩ እናያለን፣ ፓራፋንጎው ተነካክቶ እንደሆነ በጣት እንዳብሳለን። ሞዴል ሠሪ ይህንኑ በካሜራ ያደርገዋል። አንድ ታንክ ይዞ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከቻለም ከላይ ያነሳዋል። ከዚያ ተጠግቶ ቡሎን በቡሎን፣ ብየዳ በብየዳ ይለቅመዋል። ሃምሳም ይሁን ሦስት መቶ፣ ተሰብስቦ የተቀመጠው የፎቶ ክምር ዎክአራውንድ ይባላል።

ሌላም ሪፈረንስ፣ ሞዴል ሠሪ እያመሳከረ የሚሠራበት መረጃ፣ አለ። የፋብሪካ ንድፍ፣ የጥገና ማኑዋል፣ የዜና ፎቶ፣ ቪዲዮ፤ ሁሉም ይጠቅማሉ። የዎክአራውንድ ልዩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው፤ ፎቶዎቹ በሙሉ የአንድ ታንክ ናቸው። የአንድ ዓይነት ታንክ አላልኩም። የአንድ ታንክ፣ ያውም በአንድ ቀን የተነሳ።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። "ቲ-55" ብዬ ፈልጌ ደስ ያለኝን ፎቶ ሁሉ አጠራቀምኩ። ሰንሰለቱ ውስጥ የሚሽከረከረውን ጎማ ከፖላንዱ፣ የዕቃ ሳጥኑን ከቼኩ፣ ፓውዛውን ከሩሲያው ወሰድኩ። የወጣው ታንክ በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም። ቲ-55 እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በሶቭየት ኅብረት፣ በኋላም በፖላንድና በቼኮዝሎቫኪያ ለብዙ ዓመታት ተመርቷል። በየጥገናው ጎማው ይቀየራል፣ ሰንሰለቱ ይቀየራል፣ ላዩ ላይ አዲስ መትረየስ ይገጠማል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሞዴል ሠሪ ቲ-55 ሊሠራ አይነሳም። ይህችን፣ ቁጥሯ ይህ የሆነውን፣ የግራ ፓራፋንጎዋ የተጣመመውን ታንክ ሊሠራ ነው የሚነሳው።

ልዩነቱ ደግሞ ቀላል ነገር ላይ ይደበቃል። ቲ-72ን እንውሰድ። የመጀመሪያው፣ ኡራል የሚሉት፣ ትልቁ ፓውዛው ከመድፉ በስተግራ ነው። ቲ-72ኤ ላይ ወደ ቀኝ ተዛወረ። ግራና ቀኝ የሚባለው፣ በነገራችን ላይ፣ ታንኩ ውስጥ ተቀምጦ ወደፊት ለሚያይ ሰው ነው። ፊት ለፊት ቆመህ ፎቶ ስታይ ይገለበጥብሃል። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

ቲ-54ን ከቲ-55 የሚለየው ደግሞ፣ ከሚለዩት አንዱ፣ ቱሬት በሚሉት የሚዞረው ራሱ ላይ ያለ እንጉዳይ የመሰለ የአየር ማስወጫ ክዳን ነው። ቲ-54 አለው፣ ቲ-55 የለውም። ቲ-62 ከሩቅ ስታየው ወንድማቸው ይመስላል። ጎማዎቹን እይ። ቲ-55 ላይ ሰፊው ክፍተት ከፊት ነው፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ጎማ መካከል። ቲ-62 ላይ ሰፊ ክፍተቶቹ ወደ ኋላ ናቸው። አፈሙዙ ላይ ያለው እብጠትም ቲ-55 ላይ ጫፉ ላይ ነው፣ ቲ-62 ላይ ገባ ብሎ ነው። ይህን ካወቅህ በኋላ ዜና ማየት ችግር ነው። በስህተት የተሰየመ ታንክ ባየህ ቁጥር ቤተሰቡን ታስቸግራለህ።

ይህ ሁሉ ልኬት የት ይገባል? አብዛኛው የታንክ ሞዴል የሚሠራው በ1 ለ 35 ነው። እውነተኛው 35 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቲ-55 ወርዱ 3 ሜትር ከ27 ነው፤ ጠረጴዛህ ላይ ከ9 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የመድፉ አፍ 100 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የዎክአራውንድ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ይመጣል። አንድ የምታውቀው ልክ ካለህ ሌላውን ከፎቶው ታወጣለህ። የቲ-55 ጎማ ክቡ ከዳር እስከ ዳር 81 ሴንቲ ሜትር ነው። ፎቶው ከጎን በቀጥታ ከተነሳ፣ ጎማውን በማስመሪያ ለክተህ ከጎኑ ያለውን የዕቃ ሳጥን ልክ ታሰላለህ። ፎቶው ሰያፍ ከሆነ ግን እርሳው፤ ቅርብ ያለው ይተልቃል፣ ሩቅ ያለው ያንሳል። ለዚህ ነው ጎበዝ አንሺ ወደ ኋላ ርቆ በዙም የሚያነሳው። ተጠግቶ በስልክ የተነሳ ታንክ አፍንጫው ብቻ ይተልቃል፤ እንደ ሰልፊ።

1 ለ 35 ራሱ ከየት መጣ ካልከኝ፣ መልሱ ያስቃል። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ኩባንያ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በባትሪ የሚሄድ አድርጎ ሠራው። የታንኩን መጠን የወሰነው ባትሪውና ሞተሩ የሚገቡበት ቦታ ነበር። በኋላ ሲለካ ወደ 1 ለ 35 ሆኖ ተገኘ። ይኼው እስከ ዛሬ ዓለም በሙሉ በባትሪ ልክ ታንክ ይሠራል።

የዚሁ ኩባንያ መሪ የነበሩት ሹንሳኩ ታሚያ የሪፈረንስ ነገር ሲነሳ ሁሌ ይጠቀሳሉ። የፖርሽ መኪና ሞዴል ለመሥራት እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝተው ፈታተው ለኩት። የሶቭየት ታንክ መረጃ ፍለጋ ቶኪዮ ወዳለው የሶቭየት ኤምባሲ መመላለሳቸው ደግሞ የራሳቸውን አገር ፖሊስ ክትትል አመጣባቸው። ለአንዲት የፕላስቲክ ታንክ!

ሪፈረንስ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ግን ከታንክ ወጣ ብለን አንድ አውሮፕላን እንይ። ቴስተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ኤፍ-19 የሚል ስም ሰጥቶ ከራዳር የሚሰወር አውሮፕላን ሞዴል አወጣ። እውነተኛውን ሕዝብ አላየውም። ሞዴሉ የተሠራው በግምት ነው፤ ለስለስ፣ ክብ ክብ ያለ። ተቸበቸበ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1988፣ የአሜሪካ መንግሥት የእውነተኛውን ፎቶ ለቀቀ። ስሙ ኤፍ-117 ሆነ። ቅርጹም ጠፍጣፋና ማዕዘን ብቻ። ግምቱ በምንም አልገጠመም።

ዘመናዊ ታንክም ምስጢር አለው። ብዙ ሰው "የአሜሪካኑን ታንክ አብራምስን እንዴት ትሠራለህ፣ ጋሻው ምስጢር አይደል?" ይለኛል። ነው። ግን ምስጢሩ ከብረቱ ውስጥ ነው፤ እኔ የምሠራው ላዩን ነው። ላዩ ደግሞ በሰልፍ ይታያል፣ በኤግዚቢሽን ይታያል፣ የአሜሪካ ጦር ራሱ በየጊዜው ፎቶ ይለቃል። የውስጡን የሚፈልጉ አሉ። ዋር ተንደር በሚባለው ጌም ተጫዋቾች ታንኩ ትክክል አልተሠራም ብለው ሲከራከሩ፣ ለማሳመን ሲሉ በ2021 የእንግሊዙን ቻሌንጀር 2፣ ቀጥሎም የፈረንሳዩን ሌክለርክ ምስጢራዊ ሰነድ ለጥፈዋል። ጌሙን የሚሠራው ኩባንያ አነሳው። ክርክር ለመርታት እዚህ ድረስ መሄድ ምን ይባላል? እኔ ቡሎን መቁጠር ይበቃኛል።

ታንኩን በአካል የት ታገኘዋለህ? እንግሊዝ ያለህ ቦቪንግተን የታንክ ሙዚየም ሂድ፤ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ተሽከርካሪ አለ። እስራኤል ያለህ ደግሞ የላትሩን የታንክ ሙዚየም አጠገብህ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ቴል አቪቭ በሚወስደው መንገድ ላይ። ከመቶ በላይ የብረት ለበስ ተሽከርካሪ ደጅ ላይ ተሰልፏል። ግን ልብ በል። እዚያ የምታየው ቲ-55 ጋሼ የነዳው ላይሆን ይችላል። የእስራኤል ጦር የማረካቸውን ቲ-54 እና ቲ-55 ቲራን ብሎ ሰይሞ ለራሱ አስተካክሏቸዋል፤ ብዙዎቹ መድፋቸው ሳይቀር በ105 ሚሊ ሜትር ተተክቷል። እሱን አይተህ የኦጋዴንን ታንክ ብትሠራ ጋሼ ከበር ይመልስሃል።

በጥቅሉ የሙዚየም ታንክ ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ቀለሙ በየጊዜው ይደረብበታል። መብራቱ ተሰርቆ ከሌላ ታንክ ይመጣለታል። ክዳኑ ሰው እንዳይገባ ይበየዳል። ቅርጹን ውሰድ፣ ቀለሙን ተው።

የተቃጠለ ታንክ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኪየቭ መሃል፣ ሚካኤል አደባባይ፣ የተመቱ የሩሲያ ተሽከርካሪዎች ተደርድረው ሕዝብ ዞሮ አያቸው። ሞዴል ሠሪዎችም አነሷቸው። የተቃጠለ ታንክ የጎማው ላስቲክ ነድዶ ባዶ ብረቱ ይቀራል። ከሥር የሚሸከሙት የብረት ዘንጎች በሙቀት ይለሰልሱና ታንኩ ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ ይቀመጣል። ይህን ሳያውቅ ዝገት ብቻ የቀባ ሰው ሞዴል ያስታውቃል።

እኛ ጋ ደግሞ በሰሜኑ መንገድ ዳር የቆሙ የታንክ ቀፎዎችን እያየ ያላደገ ማን አለ? አስመራ ዳርቻ ያለው የታንክ መቃብርም የታወቀ ነው። ፈተናው ብዙ ነው፤ ግን ሁለት ነገር አደራ። አጠገቡ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል፤ ከአስፋልት አትውረድ። ወታደር ወይም ካምፕ ባለበትም ካሜራ አታውጣ። "ለሞዴል ነው" ብትል ማንም አይሰማህም። ውስጡ ሰው አልቆበት ሊሆን እንደሚችልም አትርሳ። ጋሼ እንዲህ ያለ ፎቶ ሳሳየው ዝም ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ለእሱ አላሳይም።

ፎቶ ከመጠቀምህ በፊት አንድ ነገር አረጋግጥ፤ አልተገለበጠም? ብዙ የድሮ ፎቶ ሲታተም ግራው ቀኝ ሆኗል። ቲ-55 ማርሚታው በግራ ፓራፋንጎ ላይ ነው፣ የፊት መብራቶቹ በቀኝ። ማርሚታው በቀኝ ከታየህ ታንኩ አልተቀየረም፤ ፎቶው ነው የዞረው። አሁን ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሠራው ፎቶ መጥቷል። እሱን የምለየው ጎማ በመቁጠር ነው። ቲ-55 በአንድ ጎን አምስት፣ ቲ-72 ስድስት፣ አብራምስ ሰባት። ኤአይ አንዳንዴ በዚህ ጎን ስድስት፣ በዚያኛው ስምንት ይሰጥሃል።

ራስህ የምታነሳ ከሆነ ደመናማ ቀን ምረጥ። የቀትር ፀሐይ ከሥር ያለውን ሁሉ ያጠቁረዋል። መጀመሪያ አራቱን ጎን፣ ቀጥሎ አራቱን ማዕዘን አንሳ። ስትጠጋ ማስመሪያ አጠገቡ ያዝ። ደግሞ አሰልቺውን ቦታ አንሳ። የመድፉን ፎቶ ሁሉም ሰው አለው። የሚጠፋው የኋላ ፓራፋንጎ ሥር፣ የነዳጅ በርሜሎቹ ማሰሪያ፣ የሽቦ ገመዱ ጫፍ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሞዴል እየሠራህ የምትፈልገው እሱን ነው።

የጣልኩትን ግንድ በኋላ ፈልጌ አጣሁት። ከግቢያችን ባሕር ዛፍ እርሳስ የምታክል ጭራሮ ሰበርኩ፣ ቆረጥኩ፣ በቀጭን ሽቦ ከኋላ አሰርኩት። ጋሼ እንደገና አየው። በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

"ትንሽ ላላ" አለኝ። "መንገድ ላይ ይወድቃል።"