«መርምረኝ» ማለት ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ይዋል ይደር እንጂ «ልቤን እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ተለጣፊ ማየቱ አይቀርም። ጽሑፉ እውነት ነው፤ የሚያናድደው የሚውልበት ቦታ ነው። የዕቁብ ሰብሳቢው ሂሳብ ሲጠየቅ፣ ባልና ሚስት ሽማግሌ ፊት ሲቀመጡ፣ የመዘምራን መሪው ስለ አፉ ሲወቀስ፣ ማሳረጊያው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ደፍሮ የሚጠይቅ የለም፤ ፋይሉ ተዘግቷል። ይባስ ብሎ አሁን አሁን ይህንኑ አባባል የዳዊት «መርምረኝ» ፍቺ አድርገው የሚያቀርቡ በዝተዋል። «መርምረኝ» ግን የተዘጋውን ፋይል ክፈትልኝ ማለት ነው።

ቃሉ ያለው መዝሙር 139፥23 ላይ ነው፦ «አቤቱ፥ መርምረኝ ልቤንም እወቅ።» የግእዙን ቁጥር የሚከተል 138 ላይ ያገኘዋል፤ ግእዙ የሚከተለው የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም (ጥንታዊው የግሪክ ብሉይ ኪዳን) 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ ስለሚያደርግ ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ቁጥር በአንድ ያንሳል። ካነሳሁት አይቀር፣ እዚያው ቁጥር ላይ በቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «መንገዴንም እወቅ» የሚለው የግሪኩን መስመር ይዞ ነው። ዕብራይስጡ ላይ ያለው ቃል ሰውን ከውስጥ የሚያውክ፣ ሌሊት የሚመላለስ ሐሳብ ማለት ነው። ስለዚህ የሚመረመረው የሠራነው ብቻ ሳይሆን እንቅልፍ የሚነሳንም ጭምር ነው።

መዝሙሩ 24 ቁጥር ነው፤ ብዙ ሰው ግን 23ኛውን ብቻ ቆርጦ ይዞ ይሄዳል። ቁጥር 1 «አቤቱ፥ መረመርኸኝ፥ አወቅኸኝም» ብሎ ይጀምራል። ታዲያ ቀድሞ ያወቀውን አምላክ መልሶ እወቀኝ ማለት ምን ይሉታል? ልመናው ለእርሱ መረጃ ለመስጠት አይደለም፤ ያየውን ለእኔም እንዲያሳየኝ ነው። ከቁጥር 19 እስከ 22 ድረስ ደግሞ ዳዊት በክፉዎች ላይ ተቆጥቶ፣ ጠላሁአቸው እያለ ነው። ወዲያው ከዚያ ጣቱን ወደ ራሱ ያዞራል። «መርምራቸው» አላለም። የነገሩ ሁሉ ክብደት ያረፈው በመጨረሻዋ «ኝ» ላይ ነው። እኛ ዘንድ «እግዚአብሔር ይመርምርህ» እና «እግዚአብሔር ይይልኝ» እርግማን እስኪመስሉ ድረስ የሚነገሩት ይህቺ «ኝ» ስለጠፋች፣ ወይም ከሳሽ ሆና ስለቀረች ነው።

«ልቤን እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለውን የሚደግፍ አንድ ሰው «እግዚአብሔር የሚያየው ሐሳብን ነው፤ የእኔ ሐሳብ ደግሞ ንጹህ ነው» ሲል ተከራክሯል። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 4፥4 ላይ ህሊናው እንደማይወቅሰው ይናገርና በዚህ ግን ጻድቅ እንደማይሆን ያክላል፤ ፈራጁ ጌታ ነው። ተከራካሪው ወንድሜ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ይዞ ሁለተኛውን ትቶታል። ኤርምያስ 17 ላይ ልብን የሚመረምር፣ ኩላሊትን የሚፈትን እግዚአብሔር ነው የተባለው፣ ባለቤቱ ራሱ ልቡን ማወቅ እንደማይችል ከተነገረ በኋላ ነው። ደግሞም በመጽሐፍ «ልብ» ስሜት ብቻ አይደለም፤ የሚያስበውና የሚወስነው ክፍል ነው። አማርኛችን «ልብ በል»፣ «ልብ ግዛ» ሲል ይህን አልረሳም። ደግ ደግ ስለተሰማኝ ልቤ ንጹህ ነው ማለት እንግዲህ አይሠራም።

እግዚአብሔር መርምሮ ልብን የሚያጠራው እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ሚልክያስ 3፥3ን ማየት ይበቃል፤ ብርን እንደሚያነጥር ሰው ይቀመጣል ይላል። (አንጥረኛው ፊቱን ብሩ ላይ ሲያይ ያን ጊዜ እንደጠራ ያውቃል የሚባለው የስብከት ምሳሌ እዚያ ክፍል ላይ የለም።) ብር ሲነጠር ያየ ጥቂት ነው፤ ቅቤ ሲነጠር ያላየ ግን የለም። ቃሉም አንድ ነው።

ሐዋሳ ገበያ በኮባ ተጠቅልሎ የመጣ ለጋ ቅቤ እንውሰድ። ሻጯ «ንጹህ ነው» ስትል እውነቷን ሊሆን ይችላል፤ ሙዝም የረጋ ዘይትም አልገባበትም። እንዲያም ሆኖ ውስጡ ውሃና አሬራ አለ። ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ከተናጠበት ወተት አብሮት የወጣ ነው። ስለዚህ «ማንንም አልበደልኩም» የሚል ሰው ላይዋሽ ይችላል፤ ከቤተሰቡ ቁጣ፣ ከሰፈሩ ንቀት፣ ከሥራው ስስት አብሮት የመጣው ግን ገና ውስጡ ነው። ቅቤው ገበታ ላይ ሳለ ይህን ዓይን አይለየውም። ድስት ላይ ሲወጣ አረፋ ይሆንና ይታያል።

እሳቱ ዘገምተኛ መሆን አለበት። ሲበረታ ታች የተቀመጠው ዝቃጭ ያርና ድስቱን ሙሉ ያመርረዋል፤ በአንድ ሌሊት የሕይወቱን ኃጢአት ሁሉ ቆፍሮ ሊጨርስ የሚነሳ ሰው የሚገጥመውም ይኸው ነው። አረፋው በወጣ ቁጥር ይገፈፋል። ካልተገፈፈ ተመልሶ ይገባል፤ ታይቶ ያልተነገረ፣ ያልተመለሰ በደል እንደዚያው ነው። መንተክተኩ ጸጥ ሳይል የወረደ ቅቤ ውሃው ስላላለቀ ማሰሮ ውስጥ ይበላሻል። በየደቂቃው የሚያማስል ደግሞ ዝቃጩን እንደገና ከጠራው ጋር ያቀላቅላል። የከረመ ቅቤ ላይ ኮረሪማና ኮሰረት ማብዛት ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያነጥረውም፤ ይህን የምለው መዝሙርና ሽብሸባ ለበዛባቸው ጉባኤዎቻችን ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ችግር ሁሉ ማንጠሪያ እሳት አይደለም። በየቀኑ አርፍዶ ከሥራ የተባረረ ሰው «እግዚአብሔር እያነጠረኝ ነው» ቢል፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ያስተካክል።

በተግባር 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። መዝሙሩ ከቁጥር 1 እስከ 24 ድምፅ እየተሰማ ይነበባል። ከዚያ ያለፈው አንድ ቀን ብቻ ከጧት እስከ ማታ ይታሰባል፤ ዓመቱ አይደለም። ወደ ሐሳብ የሚመጣው ነገር ስም፣ ቦታ ወይም የገንዘብ መጠን ከሌለው ገና አልተመረመረም። «ትዕቢተኛ ነኝ» ጭጋግ ነው። «ሰኞ ስብሰባ ላይ የእሷን ሐሳብ የራሴ አድርጌ አቀረብኩ» ሲባል ግን የሚገፈፍ አረፋ ተገኘ። አንድ ከተገኘ ለዚያ ቀን ይበቃል። ኦርቶዶክሳዊው ለንስሐ አባቱ ይዞት ይሄዳል፤ ፕሮቴስታንቱ በጸሎት ተናዝዞ እንደ ያዕቆብ 5፥16 ለሚታመን ወንድም ወይም እህት ይናገራል። ወዲያና ወዲህ ያለውን ልዩነት አሁን አላነሳም።

ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው፤ የሚበላሸውም እዚሁ። ማቴዎስ 5፥23–24 መባውን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ገንዘብ ከሆነ ዘሌዋውያን 6፥5 ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ መጨመርን ያዛል፤ 4,000 ብር የወሰደ 4,800 ይመልሳል ማለት ነው። በወንጌል ያለው ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ 16,000 መሆኑ ነው። ሕጉ ክርስቲያንን እስከ ሳንቲሙ ያስገድዳል የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ግን 4,000ውን ራሱን ሳይመልስ ስለ ጸጋ የሚያስተምረኝን ሰው አልሰማውም።

በተቃራኒው፣ ይህን ጸሎት መጸለይ የሌለበት፣ ቢያንስ ብቻውን መጸለይ የሌለበት ሰው አለ። የተናዘዘውን ያንኑ ኃጢአት አሥር ጊዜ የሚናዘዝ፣ ይቅር መባሉን ሲነግሩት ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚያርፍ፣ እንቅልፍና ምግብ የራቀው ሰው መርማሪው እግዚአብሔር አይደለም፤ ራሱን እየቆፈረ ነው። እንዲህ ላለው ሰው 23ኛውን ቁጥር ለጊዜው ትተን «ምራኝ» የሚለውን 24ኛውን አብረነው እናንብብለት፤ የንስሐ አባቱ ወይም መጋቢው ይወቅ፤ ካልቀለለውም ወደ አእምሮ ሐኪም ይወሰድ።