«ወግተህ የምትሄደው?» እና ሌሎች የማደንዘዣ ወሬዎች

ከፒያሳ ወደ ጥቁር አንበሳ ስወርድ ታክሲ ውስጥ ሥራዬን ከጠየቁኝ «ሰመመን ሰጪ ሐኪም ነኝ» እላለሁ። መልሱ ያው ነው፦ «እ፣ መርፌ ወግተህ የምትሄደው?»

አልሄድም። መርፌው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየውን እንደተኛ የሚያቆየው ብዙ ጊዜ በሳንባው የሚገባ ጋዝ ነው። ጋዙ ከተዘጋ ይነቃል። ኦፕራሲዮኑ 5 ሰዓት ከፈጀ 5ቱንም ሰዓት ራስጌው ነኝ፤ ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ ትንፋሹን እያየሁ። በነገራችን ላይ እኛ አገር ይህን ሥራ በብዛት የተሸከሙት አኔስቴቲስት የሚባሉት፣ ሐኪም ያልሆኑ ግን በማደንዘዣ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። እኔ ሕክምና ጨርሼ ነው በዚህ ስፔሻላይዝ ያደረግሁት። እነሱም ወግተው አይሄዱም።

«ፊልም ላይ በመሀረብ አፍነው በ3 ሰከንድ ያስተኙት የለ?» ፊልም ነዋ። ክሎሮፎርም ደቂቃዎች ይፈልጋል። ደግሞ ልብና ጉበት ስለሚጎዳ ከኦፕራሲዮን ክፍል ከወጣ ቆየ።

«ልጄ፣ ያኔ የሰጡኝ ማደንዘዣ እስከዛሬ ከደሜ አልወጣም» ያሉኝ እናት አሉ። እማማ፣ ጋዝ በገባበት በር ነው የሚወጣው፤ በትንፋሽ። ሰውነት የሚፈጨው ትንሹን ነው፤ ሴቮፍሉሬን ከሚባለው ጋዝ ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ ዴስፍሉሬን ከሚባለው ደግሞ 0.02 በመቶ ገደማ። እንደ ፈረንጆቹ በ1956 ሥራ ላይ የዋለው ሃሎቴን የሚባል ጋዝ ግን እስከ 20 በመቶው ጉበት ውስጥ ይፈጫል። አልፎ አልፎ ጉበት ያቃጥል የነበረውም ለዚህ ነው።

የሚቀጥለውን የምሰማው ከሕመምተኛ ሳይሆን ከጀማሪ ሐኪሞች ነው፦ «የጋዙ መጠን መጽሐፉ ላይ አለ።» አለ፣ ግን የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አሜሪካዊው ኤድመንድ ኢገርና ባልደረቦቹ «ማክ» የሚባል መለኪያ አወጡ፤ ቢላ ሲያርፍባቸው ከሰዎቹ ግማሹ የማይንቀሳቀሱበት የጋዝ መጠን ማለት ነው። ለሴቮፍሉሬን 2 በመቶ፣ ለዴስፍሉሬን 6 በመቶ ገደማ። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ ባቄላ ለምን አልበስል እንደሚል የገባው ሰው ይህም ይገባዋል፦ አንጎል የሚቆጥረው የጋዙን ግፊት እንጂ መቶኛውን አይደለም። ማደንዘዣውን ከፈሳሽ ወደ ጋዝ የሚለውጡት የተለመዱት ማትነኛ ዕቃዎች ራሳቸው ያካክሱታል፤ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ መቶኛው ከፍ ይላል። የዴስፍሉሬኑ ዕቃ ግን እየሞቀ የሚሠራ፣ ቃሉን የማያጥፍ ነው። 6 ካልከው 6 ይሰጥሃል፤ እሱም እዚህ የ4.5 ያህል ነው የሚሠራው። ስለዚህ ቁልፉን ወደ 8 ታዞራለህ። ይህን የረሳ ሐኪም በደንብ ያልተኛ ሰው ላይ ያስቀድዳል።

«ከኦፕራሲዮን በፊት ውኃም አይቀመስም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ሆዱ ጤነኛ የሆነ ሰው ንጹሕ ውኃ፣ ጸበልም ቢሆን፣ ወተት የሌለው ቡናም ቢሆን፣ እስከ 2 ሰዓት ሲቀረው ይጠጣል። ሐኪምህ ሌላ ካለህ ግን የእሱን ስማ። ወተት 6 ሰዓት ይፈልጋል፤ ቅባት የበዛበት ወጥ 8። ሆድ ውስጥ ያለው ተመልሶ ሳንባ ከገባ ጉድ ይፈላል።

አንድ ጋሼ ግን ምንም አልቀመስኩም ብለው ማሉልኝ። አልጋው ላይ ካስተኛኋቸው በኋላ ጢማቸው ላይ አረፋ አየሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ማኪያቶ እኮ ምግብ አይደለም።»

ተራቸው ወደ ከሰዓት ተዛወረ።