ከመሬት በታች ያለ ቅርስና ሕጉ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ አርኪዮሎጂ የሚወራው ብዙውን ጊዜ የሚያብረቀርቅ ነገር ሲወጣ ነው። የቅርስ ሕግ የሚነሳው ደግሞ አንድ ግንባታ በቅርስ ምክንያት ሲታገድ ነው። በሁለቱ መካከል የተሳሳቱ አመለካከቶች መብዛታቸው አያስገርምም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አርኪዮሎጂ ውድ ዕቃ ፍለጋ ነው»

ከሁሉ ይልቅ ጉዳት ያደረሰው ይህ ይመስለኛል። ባለሙያው ከዕቃው እኩል፣ አንዳንዴም አስበልጦ፣ የሚፈልገው ዕቃው የተኛበትን የአፈር ንብርብርና በዙሪያው ያለውን ነው። የሸክላ ስባሪ ከከሰል ጋር አንድ ንብርብር ውስጥ ከተገኘ የከሰሉ ዕድሜ የሸክላውን ዘመን ለመገመት ይረዳል። ተነቅሎ ከወጣ በኋላ ግን ማስረጃው የለም።

በ1999 በጀርመን ኔብራ አቅራቢያ ሁለት ሰዎች ያለ ፈቃድ በብረት መፈለጊያ ሲያስሱ 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የነሐስ ዝርግ ክብ አገኙ። ጨረቃና ከዋክብት በወርቅ ተለብጠውበታል። በጥድፊያ ሲያወጡት ጠርዙን በመቆፈሪያ ጎዱት፤ ከወርቁም ከፊሉ ተላጠ። ወዲያው ለነጋዴ በ31,000 የጀርመን ማርክ ሸጡት። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ2002 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ፣ አንድ አርኪዮሎጂስት ገዢ መስሎ በቀረበበት የፖሊስ ወጥመድ ተያዘ። ሰዎቹ ተፈረደባቸው፤ ይግባኝ ቢጠይቁም ቅጣታቸው ከበደ እንጂ አልቀለለም።

ዕቃው ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ከተቀበረ 3,600 ዓመት ገደማ ሆኖታል ይላሉ። በ2020 ግን ሁለት ተመራማሪዎች የተገኘበትንም ቦታ ዕድሜውንም ጥያቄ ውስጥ ከተቱት። ሌሎች አጥብቀው ቢቃወሟቸውም፣ መጀመሪያውኑ በሥርዓት ተቆፍሮ ቢሆን ለጥርጣሬው በር ባልተከፈተ ነበር።

«ከገዛ መሬቴ ያገኘሁት የራሴ ነው»

እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ በብዙ አገሮች ግን ከመሬት የሚወጣ ቅርስ የመንግሥት ነው። የኔብራው ዕቃም በክፍለ ግዛቱ ሕግ የመንግሥት ንብረት ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ በ1996ቱ ሕግ «ውድ ሀብት» የሚባል ግኝት ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ሙዚየም ከወሰደው አግኚውና ባለመሬቱ ሽልማት ሊያገኙ ይችላሉ። በእኔ እምነት ይህ ብልህ ሕግ ነው፤ ሰው ያገኘውን ከመደበቅ ይልቅ እንዲናገር ያደርገዋል።

«ያልተቆፈረ ቦታ የባከነ ቦታ ነው»

ቁፋሮ የማይደገም ሥራ ነው፤ አንዴ የፈረሰ ንብርብር ተመልሶ አይደረደርም። በ1974 በቻይና ሺአን አቅራቢያ ገበሬዎች ውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የተገኙት የሸክላ ወታደሮች መጀመሪያ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ከእርጥብ አፈር ወጥተው ደረቅ አየር ሲነካቸው ግን ቀለማቸው በደቂቃዎች ውስጥ እየተጠቀለለ ረገፈ። ወታደሮቹ የተሠሩለት የቻይና የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ዋና መቃብር እስከ ዛሬ ያልተከፈተው አንዱ ምክንያት ይኸው ስጋት ነው። የዛሬ ባለሙያ የማይችለውን የነገው ይችል ይሆናል፤ ስለዚህ ሳይነኩ መተውም ጥበቃ ነው።

«ዩኔስኮ ከመዘገበው አበቃ፣ ተጠብቋል»

ዩኔስኮ ጠባቂ ዘብ የለውም። የዓለም ቅርስ ዝርዝርን ባቋቋመው በ1972ቱ የዩኔስኮ ስምምነት መሠረት ቅርሱን የመጠበቅ ቀዳሚው ግዴታ የአገሩ መንግሥት ነው። መንግሥት ካልጠበቀ የዝርዝሩ ትልቁ ዱላ ስም መሰረዝ ነው፤ ይህም ግንባታን አያስቆምም። በ2004 የተመዘገበው የጀርመኑ የድሬስደን ኤልቤ ሸለቆ ባለ አራት መስመር ድልድይ ስለተሠራበት በ2009 ተሰረዘ። ድልድዩ ግን ተጠናቆ መኪና ይመላለስበታል።

«የቅርስ ሕግ የልማት ጠላት ነው»

በብዙ አገሮች ዛሬ አብዛኛው ቁፋሮ የሚካሄደው መንገድ ወይም ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት፣ በቦታው ያለው እንዳይጠፋ ነው። የአውሮፓ አገሮች በ1992 በማልታዋ ቫሌታ የፈረሙት ስምምነት ጥናቱ በፕሮጀክቱ ዕቅድና በጀት ውስጥ ቀድሞ እንዲገባ ይጠይቃል። ሥራ የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ ጥናቱ ሳይደረግ ዶዘር ሲገባ ነው።

«የ1970ው ስምምነት የተወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል»

አያስመልስም። በ1970 የወጣው፣ ሕገወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለው የዩኔስኮ ስምምነት ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ ከዚያ በፊት የተወሰደ ቅርስ የሚመለሰው በአብዛኛው በድርድር ወይም በሌላ ውል ነው። በ1937 ወደ ሮም የተጫነው የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ2005 ነው። ጣሊያን በ1947 በፈረመችው የሰላም ውል ግን ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገብታ ነበር።